ማን ጻፈው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው

ባለፈው ቅዳሜ ሲኒማ ቤት ነበርኩ። ፊልሙ አለቀ። የተዋንያኑ ስም ወጣ፤ ተጨበጨበ። የዳይሬክተሩ ስም ወጣ፤ ከኋላ አንዱ አፏጨ። ቀጥሎ «ድርሰት» የሚለው ቃል ብቅ ሲል ከፊቴ የነበሩት ሰውዬ ብድግ አሉ። የጃኬታቸውን አንዱን እጅጌ አጥልቀው ሁለተኛውን ፍለጋ ሲውተረተሩ የደራሲው ስም ጀርባቸው ላይ አረፈ። ግማሹ ኮሌታቸው ላይ፣ ግማሹ ብብታቸው ሥር። እጅጌው ሲገኝ ስሙ ጠፋ።

ነገር የሚከብዳቸው ሰዎች ይህን ንቀት ይሉታል። እኔ ጨዋነት እለዋለሁ። ወጥ የጣመው እንግዳ «እጅሽ ይባረክ» የሚለው ላቀረበችለት ነው። ጓዳ ዘልቆ «ሽንኩርቱን የከተፈው ማነው?» አይልም። ካለማ የሰው ገመና ሊያወጣ ነው።

እኔም ከዚህ ጨዋነት ድርሻዬን አግኝቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ፕሮዲውሰር ፊልም አስጻፈኝ። ስለ ክፍያ ሳነሳበት «ወንድሜ፣ ስምህ ይወጣልሃል እኮ!» አለኝ። እውነትም ወጣ። ከሻይ ቡና አቅራቢው ዝቅ ብሎ፣ የአባቴ ስም ተሳስቶ። ዛሬ በመታወቂያዬና በዚያ ፊልም መሃል ሁለት አባት አለኝ።

ታዲያ ይህን ሥልጣኔ እኛ የፈጠርነው እንዳይመስላችሁ። ምስጋናው ለአሜሪካ የድምፅ አልባ ፊልም አባቶች ይድረስ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) መጀመሪያ ላይ ጸሐፊ የሚባል ፍጡር አላስፈለጋቸውም። ካሜራ ይተከላል፣ ሌባ ይሮጣል፣ ፖሊስ ይከተላል፣ አለቀ። ቆይቶ ተመልካቹ ሩጫው ሰለቸውና ታሪክ አማረው። ታሪክ ከየት ይመጣል? ከጎረቤት መጽሐፍ መደርደሪያ ነዋ!

ካሌም የሚባለው የኒውዮርክ ኩባንያ በ1907 ያደረገውን እዩ። ቤን ሁር የተባለውን ወፍራም ልብ ወለድ ለጂን ጎንቲየር ሰጣት። ጎንቲየር የኩባንያው ተዋናይ ነበረች፤ ትተውናለች፣ ትጽፋለች። ያንን ሁሉ ገጽ በሁለት ቀን ጨምቃ አንድ ሩብ ሰዓት የምታህል ፊልም አደረገችው። ፈቃድ? የምን ፈቃድ? የመጽሐፉ ደራሲ ሉው ዋላስ በ1905 ሞቷል። ሙት ደግሞ አይከስም።

አሳታሚው ግን አልሞተም ነበር። ሀርፐር የተባለው አሳታሚና የሟች ወራሾች «ማን ጻፈው?» የሚለውን ባለጌ ጥያቄ ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ። ክሱ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1911 ካሌም ተረታ፤ 25 ሺህ ዶላርም ከፈለ። ከዚያ በፊት የሰው ድርሰት እንደ ወንዝ ውኃ ነበር፤ እንስራ ያለው ይቀዳል። ከዚያ በኋላ ታሪክ መግዛት ግድ ሆነ። አንድ ሰው ስለጠየቀ ስንቱ ሰላም እንደተናጋ አስቡት።

ታሪክ ይገዛል ሲባል ደግሞ አሜሪካ በሙሉ ብዕር አነሳ። ጸሐፊነትን በፖስታ የሚያስተምሩ ተቋማት እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ፀጉር አስተካካዩም፣ የቤት እመቤቷም፣ የባንክ ጸሐፊውም ፖስታ ያሽግ ጀመር። ስቱዲዮዎቹን ወረቀት ዋጣቸው። በኋላ ላይ «ሐሳቤን ሰረቃችሁኝ» የሚል ክስ ሲበዛባቸው፣ ብዙዎቹ ከማያውቁት ሰው የመጣ ፖስታ ሳይከፍቱ መመለስ ያዙ። ትልቅ መፍትሔ ነው። ያልተነበበ ነገር አይሰረቅም።

ያ ትኩሳት እኛ ዘንድ ዛሬም አልበረደም። ጸሐፊ መሆኔን የሰማ ሁሉ፣ ታክሲ ውስጥም ቢሆን፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን፣ «የኔ ሕይወት እኮ ራሱን የቻለ ፊልም ይወጣዋል» ይለኛል። ልክ ነው። የቀረው መጻፉ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀላል ነገር ነው።

ከነዚያ ሁሉ ፖስታዎች አንዱ በ1912 ባዮግራፍ ወደሚባለው ኩባንያ የመጣው ነው። ላኪው «ኤ. ሉስ» ይላል። ኩባንያው ድርሰቱን ወደደውና ለክቡር አቶ ሉስ መልስ ጻፈ፤ 25 ዶላርም ከፈለ። አቶ ሉስ የ24 ዓመት ወጣት ነበሩ። ስማቸውም አኒታ። ሴት ነበሩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እናት ልትሞት ስትል ለልጇ አንዳንድ ጌጥ እንዲገዛላት ለቄሱ ጥቂት ገንዘብ ትተዋለች። ቄሱ ለልጅቷ ባለ 10 ዶላር ባርኔጣ ይገዛላታል። የሰፈሩ ሴቶች ያንን ባርኔጣ አይተው ምን እንዳወሩ እናንተም ትገምታላችሁ። ፊልሙን ግሪፊዝ ሠራው፣ ሜሪ ፒክፎርድ ተወነችበት፣ ሁለቱም እስከ ዛሬ ይወሳሉ። እኔን የገረመኝ ሒሳቡ ነው። ባርኔጣው 10፣ ድርሰቱ 25። ሁለት ባርኔጣ ተኩል ማለት ነው። ያቺው ባርኔጣ የደፋችው ፒክፎርድ በ1916 የፈረመችው ውል በሳምንት 10 ሺህ ዶላር ነበር። እሱ ደግሞ አንድ ሺህ ባርኔጣ ነው፤ በሳምንት። የደፋና ያሰበ እኩል አይከፈለውማ!

ግሪፊዝ ይህን ሒሳብ ቀድሞ የገባው ብልጥ ነው። ወደ ፊልም ዓለም የመጣው ድርሰት ሊሸጥ ነበር። የኤዲሰን ኩባንያ ድርሰቱን መልሶ የትወና ሥራ ሰጠው። ወረቀት እንደማያዋጣ ያኔውኑ ገባው። ዳይሬክተር ሆነ፤ ትልልቆቹን ፊልሞቹን የተጻፈ ስክሪፕት ሳይዝ ሠራቸው ይባላል።

ወደ አኒታ ልመለስ። ሥራዋ እየሰመረ ሲሄድ በ1919 ጆን ኤመርሰን የተባለ ዳይሬክተር አገባች። ድርሰቶቹ ላይ ሁለት ስም ይወጣ ነበር። እሷ ትጽፋለች፣ እሱ ይፈርማል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያለው ሰው ኤመርሰንን አላየም። ደመቀበት እኮ! ትዳር ማለት መካፈል ነው ይባል የለም? ይኸው ተካፈሉ።

አዲስ አበባም በበኩሏ የደራሲውን ጥያቄ በአጭሩ ዘግታዋለች። በድሮው ጊዜ ፊልም የሚታይበትን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። ጻፈውም፣ ሠራውም፣ አሳየውም ሁሉ በአንድ ስም ተጠቃለለ። ከኔ ይልቅ ሰይጣን ይሻላል፤ ስሙን ቢያንስ አሳስቶ የጻፈበት የለም።

ፍራንሲስ ማሪዮንን ግን ሳላነሳ አላልፍም። የዛሬ ፕሮዲውሰሮች እዚህ ጋ ማስታወሻ ደብተር ያውጡ። ይህች ሴት ወደ አንድ የፊልም ኩባንያ ኃላፊ ሄደች። «ሁለት ሳምንት በነፃ ልሥራ፤ ካልወደድከኝ አባረኝ» አለችው። የኃላፊው ልጅ የተወነችበት፣ አልረባ ብሎ መደርደሪያ ላይ የተጣለ ፊልም አገኘች። አዲስ መግቢያና አዲስ መጨረሻ ጻፈችለት። የሞተው ፊልም ነፍስ ዘራ። እሷም በሳምንት 200 ዶላር ተቀጠረች። (ፕሮዲውሰሮች ሆይ፣ በነፃ ያለችው ሁለት ሳምንቱን ብቻ ነው። ይህንንም ጻፉት።) ለፒክፎርድ ደጋግማ ጻፈች፤ በዘመኗ ከፍተኛ ተከፋይ ከነበሩት የፊልም ጸሐፊዎች አንዷ ሆነች። ዘ ቢግ ሃውስ በተባለው የ1930 የእስር ቤት ፊልም በድርሰት ኦስካር የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ሐውልቱን ስታይ እንዲህ አለች ይባላል፦ የዚህን ሥራ ጠባይ በደንብ ያሳያል፤ ሰውነቱ የስፖርተኛ ነው፣ ሰይፍ ጨብጧል፣ አእምሮው ያለበት የራሱ ግማሽ ግን ተቆርጧል። አሁን ይህ ከተሸላሚ የሚጠበቅ ንግግር ነው?

ስለ ሽልማት ካነሳን ጆሴፍ ፋርንሃም የሚባል ሰው ነበር። ድምፅ አልባ ፊልም ውስጥ ተዋናዩ አፉን ያንቀሳቅስና ስክሪኑ ጠቁሮ ነጭ ጽሑፍ ይወጣል፤ ያቺን ጽሑፍ የሚጽፍ ሙያተኛ ነው። በ1929 የመጀመሪያው ኦስካር ሲሰጥ ለዚህ ሥራ ተሸለመ። ለዚህ ሙያ የተሰጠ የመጀመሪያው ሽልማት ነው። የመጨረሻውም እሱው ነው። ፊልም አፍ አውጥቶ መናገር ጀምሮ ነበርና ዘርፉ በዓመቱ ተሰረዘ። ፋርንሃምም በ1931 ሞተ፤ ከኦስካር ተሸላሚዎች ቀድሞ የሞተ እሱ ነው። አንዳንድ ሰው ዕድል ሲቀናው እንዲህ ነው።

ይህን ሁሉ ስም እንዴት እንይዘዋለን ብላችሁ አትጨነቁ። እዚህም ላይ አባቶች አስበውልናል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት፣ አገሪቱ ከሠራቻቸው 11 ሺህ ገደማ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች በመጀመሪያ መልካቸው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ሌላው ተቃጠለ፣ በሰበሰ፣ ተጣለ፤ ፊልሙ ላይ ያለው የብር ማዕድን ተለይቶ እንዲወጣ ተብሎ የተሸጠም አለ። ፊልሙ ሳይኖር የጸሐፊውን ስም መጠየቅማ ለይቶለት እብደት ነው።

ከሁሉም ከሁሉም የኔ ጀግና ጁን ማቲስ ናት። ሜትሮ በተባለው ኩባንያ የድርሰት ክፍል ኃላፊ ነበረች። «አራቱ የራእይ ፈረሰኞች» የሚለውን የስፔን ልብ ወለድ ለፊልም ጻፈችው። ዳይሬክተሩን እሷ አስመረጠች። ለዋናው ገጸ ባሕርይም ትንንሽ ክፍል ሲሰጠው የኖረ አንድ ጣሊያናዊ ካልሆነ ብላ ሙጭጭ አለች። ሩዶልፍ ቫለንቲኖ ይባላል። ፊልሙ በ1921 ወጣ፤ ልጁ በአንድ ጊዜ የዓለም ሴቶች ሁሉ ሕልም ሆነ። በ1926 በ31 ዓመቱ ሲሞት ኒውዮርክ ላይ አስከሬኑን ለማየት የወጣው ሕዝብ መስታወት እስኪሰብር ተጋፋ።

የሚቀበርበት ግን አልተዘጋጀም ነበር። ማቲስ ሆሊውድ ውስጥ ለራሷ የገዛችው የግድግዳ መቃብር ስለነበራት «ለጊዜው እዚህ ይረፍ» ብላ አዋሰችው። ታሪክ ሰጠችው፣ ሥራ ሰጠችው፣ በመጨረሻም መቃብሯን ሰጠችው። ዓመት ሳይሞላ፣ በ1927፣ ቲያትር እያየች ሳለ እሷም ሞተች። ሬሳዋ ሲመጣ እሱን አንድ ቦታ ወደ ጎን ገፋ አድርገው እሷን በገዛ መቃብሯ አስገቧት። እዚያው ጎን ለጎን አሉ።

በየዓመቱ በሞተበት ቀን አድናቂዎቹ ይመጣሉ። ጥቁር ለብሳ፣ ዓይነ ርግብ አጥልቃ አበባ ይዛ የምትመጣ ሴትም ነበረች፤ ጋዜጦች ብዙ ጽፈውላታል። እንግዶቹ ስሙን ያነባሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ጨዋ ሰዎች ናቸው። አጠገቡ የተኛችው ማን ናት ብለው አይጠይቁም።