ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው

ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው መስመር ላይ አልፎ አልፎ የአርኪዮሎጂ ንግግር አይጠፋም። አንድ ማኅበር ያዘጋጃል። መግቢያው ነፃ ነው፣ ሻይም አለ። ጥሪው 11 ሰዓት ይላል። በ11 ሰዓት የሚገኙት ግን ተናጋሪውና ፕሮጀክተር የሚያስተካክለው ልጅ ብቻ ናቸው። ፕሮጀክተሩ ራሱ የሚነቃው 11 ተኩል ላይ ነው።

ታዳሚውን ታውቁታላችሁ። ክራቫት ያሰሩ ጡረተኛ መምህራን አሉ። ደብተር የያዙ አስጎብኚዎች አሉ። አስተማሪያቸው «ሂዱ» ያላቸው ተማሪዎች የኋላውን ረድፍ ይይዛሉ። ለኩኪሱ የሚመጡም አሉ፣ ስም አልጠራም።

ተናጋሪው ያሳዝነኛል። በጋውን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተንበርክኮ አፈር በብሩሽ ሲጠርግ ከርሟል። ይዞልን የመጣው የገል ስብርባሪ፣ ከሰልና ያረረ የእህል ፍሬ ነው። እህሏን በስላይድ ሲያሳየን ፊቱ ይበራል። ሰዎቹ ምን ያርሱ፣ ምን ይበሉ እንደነበር የምትነግረው እሷ ናታ! አዳራሹ በጨዋነት ዝም ብሎ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ወርቁን ነው። ወርቁ በሚቀጥለው ስላይድ አይመጣም። ሌላ ገል ይመጣል።

ደግሞም እኛ የመጣነው ለንግግሩ አይደለም፤ ለጥያቄው ሰዓት ነው። አወያይዋ «እባካችሁ አጠር አጠር አድርጋችሁ» ትላለች። ስትናገረው ራሷም አታምንበትም።

የአዳራሽ ጥያቄ እንደ ቁፋሮ ጉድጓድ ንብርብር አለው። ከላይ ምስጋና ነው፤ ለማኅበሩ፣ ለዶክተሩ፣ ዕድሉን ለሰጠችው እህት። እሱ ሲጠረግ የሕይወት ታሪክ ብቅ ይላል፤ ጠያቂው በወጣትነታቸው በመምህርነት የተመደቡበት አውራጃ፣ የተሳፈሩባት በቅሎ፣ በቅሎዋ የቆመችበት ድንጋይ። ከዚያ በታች «የዛሬ ወጣት አያነብም» የሚል ወፍራም ንብርብር አለ። ተማሪዎቹ እዚህ ላይ ስልካቸውን ይደብቃሉ። ቀጥሎ «ሦስት ነጥብ አለኝ» ይመጣል። ጥያቄ ካለ ከዚህ ሥር ነው። ብዙ ጊዜ ግን ቁፋሮው አለቱ ጋ ይደርስና ምንም አይገኝም። «እንግዲህ፣ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብለው ይቀመጣሉ። ይጨበጨባል።

እውነተኛ ጥያቄ ሲመጣም ስለ ድንቅነሽ ነው። «3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው የተባለው በካርቦን ተለክቶ ነው አይደል፣ ዶክተር?» ዶክተሩ ያስረዳል። ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ካለፈ የሚለካ አይተርፍም። ለከሰሏ ይሆናል እንጂ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ለተገኘችው ድንቅነሽ አይሆንም። የእሷ ዕድሜ የታወቀው በአካባቢዋ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ጠያቂው በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ «እኔም ያልኩት እሱን ነው» ይላሉ።

አዳራሹ የሚሞቀው ግን ሌላ አገር ሲነሳ ነው። በኦሞ ሸለቆ ቅሪቱ የተገኘው የኦሞ ኪቢሽ ሰው 195 ሺህ ዓመት ይባል የነበረው በ2014 ዓ.ም. በወጣ ጥናት ቢያንስ ወደ 230 ሺህ ከፍ ማለቱ ሲነገር ጭብጨባው ጣሪያ ይነካል። ተናጋሪው ሳያስበው «ሞሮኮ ጀበል ኢርሁድ ላይ የተገኙት የሰው ቅሪቶች ደግሞ ወደ 300 ሺህ ዓመት ይጠጋሉ» ሲል አዳራሹ ፀጥ ይላል። ፍጹም ቅጣት ምት የተሰጠብን ነው የሚመስለው። አንዱ ቀስ ብሎ «ማነው የለካላቸው?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ቁፋሮው እኮ ይቀጥላል» እያለ ያጽናናል፤ 70 ሺህ ዓመት በአንድ በጋ የሚሞላ ይመስል።

አክሱም ላይ ስንደርስ ቅያሜው ይረሳል። ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ነው፣ 520 ቶን ያህል ይመዝናል። «ማን ተሸከመው?» ዶክተሩ ድንጋዩ ከከተማዋ በስተምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ተፈልፍሎ እንደመጣ ይተርካል። አንድ አባት ከፊት ወንበር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ልጄ ዶክተር፣ ይህ የሰው ሥራ አይደለም። መላእክት ናቸው።» ዶክተሩ በአክብሮት «አባቴ፣ ይህኛው እኮ ወድቋል። ምናልባትም ሲያቆሙት ነው የወደቀው» ይላቸዋል። «እሱማ፣» አሉ አባት፣ «ሰው ገብቶበት ነው።»

ከዚያ ሻይ። ትክክለኛው ጉባኤ የሚካሄደው እዚህ ነው። ዶክተሩ ኩኪስ ሳያነሳ ይከበባል። አንድ ኮታቸውን የደረቡ ጋሼ ከፌስታል ድንጋይ አውጥተው በጆሮው «ስንት ያወጣል?» አሉት። አገላብጦ አየው። የወፍጮ መጅ ነው፣ ያረጀ። ዋጋውን ትቶ የት እንደተገኘ፣ በምን ያህል ጥልቀት፣ አጠገቡ ምን እንደነበር ጠየቃቸው። ከቦታው የተነሳ ዕቃ ታሪኩን እዚያው ትቶት ነው የሚመጣው። ጋሼ «ምን ያደርግልሃል፣ ዋጋውን ብቻ ንገረኝ» አሉ። ዶክተሩ ፈገግ ብሎ በ1992 ዓ.ም. የወጣውን የቅርስ አዋጅ፣ ቁጥር 209ን ጠቀሰላቸው፤ ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ማሳወቅ እንዳለበት ነገራቸው።

ድንጋዩ ወደ ፌስታሉ ተመለሰ። «ለነገሩ» አሉ ጋሼ፣ «የጎረቤቴ ነው።»