ቪ ሲክሱ ነው ሀይብሪዱ? እስቲ ቤልትዌይ ላይ እንየው

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ሌክሰስ ኢኤስ ሊገዛ ብሎ ዲለር ጋ አብሬው ሄድኩ። ያገለገለ ነው የሚፈልገው፣ ከ2019 ሞዴል ወዲህ ያለውን። ሁለት ጥቁር መኪና አቆሙለት፣ አንዱ ኢኤስ 350 ቪ ሲክስ (ባለ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን)፣ አንዱ ኢኤስ 300ኤች ሀይብሪድ (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ)። ሀይብሪዱ ውስጥ ገብቶ ስታርት የሚለውን ተጫነ፣ ጸጥ። ደግሞ ተጫነ። "ይሄማ ባትሪው ሞቷል" አለኝ፣ ለካ መጀመሪያውኑ ያለድምፅ ተነስቶለት በሁለተኛው ነው ያጠፋው። ቪ ሲክሱን ሲያስነሳው ግን ፊቱ በራ፣ "ሞተር ማለት እንዲህ ነው!"

ጭቅጭቃችን እዚህ ጋ ጀመረ። እኛ ዲሲ አካባቢ ያለን ሰዎች ሞተር የምንመርጠው በጆሯችን ነው። ቪ ሲክሱ 302 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 60 ማይል ለመድረስ 6.6 ሰከንድ ይበቃዋል፣ ሀይብሪዱ 215 ነው፣ 8.1 ሰከንድ ይፈጅበታል። እሺ፣ ግን ያቺን አንድ ሰከንድ ተኩል የት ነው የምትጠቀምባት? ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ቤልትዌይ (ዲሲን የሚዞረው ሀይዌይ) አሜሪካን ሊጅን ድልድይ ጋ ከፊትህ ያለው ሰው ፍሬን ይዞ ቆሟል፣ 302 ፈረስ ይኑርህ ሦስት ፈረስ ይኑርህ እኩል ነው የምትገተረው።

ሀይብሪዱ እዛ ስትቆም የቤንዚን ሞተሩ ይጠፋል፣ ቀስ እያልክ ስትሄድ በኤሌክትሪኩ ይስብሃል፣ ፍሬን ስትይዝ ደግሞ ባትሪውን መልሶ ይሞላል (የፍሬን ሸራም ቶሎ አያልቅብህም)። ከተማና ሀይዌይ ተደባልቆ በጋሎን 44 ማይል ይሄዳል፣ ቪ ሲክሱ 26። በዓመት 40 ሺህ ማይል ለሚነዳ የኡበር ሰው ይሄ ከ600 ጋሎን በላይ ነው፣ ጋሎኑን በ3 ዶላር ብቻ ብታስበው እንኳ 1,800 አለፈ፣ በ2019 አዲስ ሆነው ሲወጡ የሁለቱ የዋጋ ልዩነት ራሱ 1,810 ዶላር ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን ሀይዌይ ልትገባ ጥርቅም አድርገህ ስትረግጠው ያ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር እንደ ብሌንደር ይጮሃል፣ የሚቀያይረው ማርሽ ስለሌለው ጩኸቱ እዛው ከፍ እንዳለ ይቆያል። ቪ ሲክሱ 8 ማርሽ አለው፣ ቅቤ ነው። ከቤት የሚሠራና ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ድረስ ዘመድ ጥየቃ ብቻ የሚነዳ ሰው ቪ ሲክሱን ቢወስድ አልከራከረውም።

ባትሪው ይሞታል የሚለውን ወሬ ተዉት፣ ሌክሰስ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ 10 ዓመት ወይ 150 ሺህ ማይል ዋራንቲ ሰጥቶታል። ኡበር የሚሠራ ግን 150 ሺውን አራት ዓመት ሳይሞላው ስለሚጨርሰው 10 ዓመት በሚለው አይዘናጋ። ደግሞ መርሴዲስ ኢ 350 ይሻለኛል የምትሉ፣ ቁጥሩ አያታላችሁ፣ ከ2020 ሞዴል ወዲህ ያለው 3.5 ሊትር አይደለም፣ 2 ሊትር ቱርቦ ነው፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው 450ው ነው።

ሰኞ ከሥራ ስንወጣ ቪ ሲክሱን እንደገና አስነዳሁት። አርባ ደቂቃ ተንፏቀቅን። ዳሽቦርዱ ላይ በጋሎን 15 ማይል ሲል አይቶ ትንሽ ዝም አለ።

አሁንም ልቡ ቪ ሲክሱ ጋ ነው። ከ2026 ሞዴል ጀምሮ አዲሱ ኢኤስ ላይ ቪ ሲክስ ስለቀረ "የመጨረሻው ነው እኮ" ይለኛል። ኡበር ሊሠራበት ነው ደግሞ።