ሊኑክስ፣ ብዛት 1፣ አዲስ

ሰኔ ሳያልቅ፣ በጀትም ወደ ግምጃ ቤት ሳይመለስ፣ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ አንድ የምርምር ተቋም ዘንድሮም ሊኑክስ ለተባለው የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ዓመታዊ ፈቃድ ገዝቷልና እንኳን ደስ ያለን። በነፃ የሚወርድ ሞልቶ ሳለ ከፍሎ መውሰድ የሚያጎናጽፈውን ክብር፣ በበጀት መዝጊያ ሰሞን ሲሯሯጥ ያልከረመ ሰው ሊረዳው አይችልም።

ለመሆኑ ነፃ ነገርን ማን ያምናል? ፕሮፎርማ የለው፣ ጨረታ የለው፣ ለኮሚቴ ስብሰባም ሰበብ አይሆን። የፊዚክስ ምርምር ማዕከላቱ የጄኔቫው ሰርንና የአሜሪካው ፌርሚላብ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ለሙከራዎቻቸው አልማ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሥርዓት መርጠዋል፤ ምስኪኖቹ ቅንጣት ሲመረምሩ ስለሚውሉ የግዥ ጥበብ አልደረሳቸውም። እርግጥ ነው፣ ሊኑክስን በክፍያ የሚያቀርበው ኩባንያ ሬድ ሃት እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ይዘልቃል የተባለውን ነፃውን ሊኑክስ፣ ሴንቶስ 8ን፣ በ2021 ማብቂያ እንደሚያቋርጥ በ2020 ሲያስታውቅ ብዙ ተመራማሪ ደንግጧል። አልማና ሮኪ የተባለው ሌላው ነፃ ሊኑክስ በወራት ውስጥ ቦታውን መተካታቸውን ግን የግዥ ሰነዱ ሊያነሣው አልወደደም።

እኔ ከሁሉ የምወደው የአምናውን ርክክብ ነው። ፈቃዱ በኢሜይል የመጣ የፊደልና የቁጥር ድርድር ነበር፤ ንብረት ክፍል ደግሞ በዓይኑ ያላየውን ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ አያደርግም። ስለዚህ ድርድሩ በወረቀት ታትሞ በፖስታ ታሸገ፤ «ሊኑክስ፣ ብዛት 1፣ አዲስ» ተብሎ ተመዘገበ፤ የንብረት መለያ ቁጥር ተለጥፎበትም በመኪና ጎማና በቀለም ጣሳ መካከል ተቀመጠ። የኮምፒውተር ባለሙያው በሞዴል 22 ወጪ ይደረግልኝ ሲል የሦስት ኃላፊዎች ፊርማ ተጠየቀ፤ አንዱ ሥልጠና ላይ፣ ሌላው መስክ ላይ ነበሩ፤ ሦስተኛው ደግሞ ዕቃው ተሰባሪ መሆን አለመሆኑ በደብዳቤ እንዲገለጽለት ይጠብቅ ነበር። በዓመቱ ቆጠራ ፖስታው ሳይጎድል በመገኘቱ ግምጃ ቤቱ ተመሰገነ። ሰርቨሩ እስከዚያው ባለሙያው ማንንም ሳያስፈቅድ በጫነው፣ ዴቢያን በተባለ ነፃ ሊኑክስ ሲሠራ ከረመ፤ ፈቃዱም ሳይከፈት ዘመኑ አለፈ። ጊዜው ያለፈበት ንብረት ያለ አስወጋጅ ኮሚቴ ውሳኔ አይጣልምና፣ ኮሚቴው በሐራጅ ይሸጥ አይሸጥ በሚለው ላይ እየመከረ ነው።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቆየኝ። የዚህ ፈቃድ ክፍያ በዋናነት የድጋፍና የማሻሻያ ዋጋ ነው፤ ሌሊት ሥርዓቱ ሲወድቅበት ደውሎ የሚጠይቅ ተቋም ቢከፍል ደግ አደረገ። አንድም ቀን ላልተጠየቀ ድጋፍ፣ ያውም ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እንዲህ በተወደደ ዶላር መክፈል ግን የሕዝብን ገንዘብ ማቃጠል ነው። ከመንዝ የገብስ ናሙና ለቅሞ የሚመጣው ወጣት ተመራማሪ የመኪና መሳፈሪያውን ከኪሱ እየከፈለ፣ አበሉን «በጀት አልቋል» እየተባለ ይመለሳል። በጀቱ ያለቀው በማን ነው?

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የዘንድሮው ግዥ ከአምናው ትምህርት ተወስዶበታል፤ የተገዛው ሁለት ፈቃድ ሲሆን አንዱ ለመጠባበቂያ ነው።