ጌም አትበሉት

የጎጃም ልጆች፣ ዛሬ የምቆጣው እናንተን ነው፣ በስልክ የምትጫወቱትን ቁማር ጌም ስለምትሉት። በራሴ የምቆጣበትን ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ አልኩ። አራት ቴሌቪዥን፣ ስምንት ጆይስቲክ፣ አንድ እግሩ በድንጋይ የተደገፈ አግዳሚ ወንበር። ድሮ ቅዳሜ ከሰዓት ተራ ለመያዝ ጠብ ነበር። አሁን ሁለቱ ቴሌቪዥኖች ባዶ ሜዳ እያሳዩ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ሰባት ልጆች አግዳሚው ላይ ተደርድረው በየስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ጠጋ ብዬ አየሁ። ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ቀይ አውሮፕላን ትነሳለች። ቁጥሩ አብሯት ይወጣል፦ 1.20፣ 1.85፣ 2.60። ከዚያ እልም። ሳትጠፋ የወጣ ሰው ያስያዘው ብር በቁጥሩ ተባዝቶ ይከፈለዋል፤ ያልወጣ ይበላል።

«ተበላሁ!» አለ አንዱ። ሳይተነፍስ ሌላ ዙር ገባ።

«ምንድን ነው የምትሠሩት?» አልኩ።

«ጌም ነዋ ጋሼ!»

ጋሼ መባሌን ዋጥ አደረግሁት። ጌም መባሉን ግን መዋጥ አቃተኝ።

እኔ ጌመር ነኝ። ሃያ ዓመት ጆይስቲክ ይዣለሁ። ሚስቴ ትመሰክራለች፣ ያውም በቅሬታ። አዲስ ጌም ሲወጣ ዝም ብዬ አልዘፈቅበትም። ሕጉ ግልጽ ነው ወይ? ስሸነፍ ለምን እንደተሸነፍኩ ይገባኛል ወይ? በተጫወትኩ ቁጥር እሻሻላለሁ ወይ? ሰሞኑን በየቴሌግራሙ «አዲስ ካዚኖ ተከፈተ፣ ተመዝገብ፣ ቦነስ ውሰድ» እያላችሁ ስታጋሩ አይቼ፣ እነዚህኑ ጥያቄዎች ይዤ ገባሁባቸው።

መሻሻል የሚለውን እንያዝ። እኛ የቅኔ አገር ሰዎች ነን። የዋሸራንና የዲማን ስም ሳይሰማ ያደገ የለም። ቆሎ ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። እያደር እየከበደው ስምንት ቤት ያለው መወድስ ድረስ ይወጣል። ሲሳሳት የኔታ የት ላይ እንደሳተ ያሳዩታል። ይህ በእኛ በጌመሮች አፍ ሌቭል ነው። የመጀመሪያውን ቦስ፣ የሌቭሉን ዋና ጠላት፣ ሳትጥል ሁለተኛው ፊት አትቆምም። (የኔታ ይህን ንጽጽር ቢሰሙ በአለንጋ ነበር የሚያባርሩኝ።)

ወደ አውሮፕላኗ እንመለስ። አቪዬተር የምትባለውን ይህችን ጌም፣ ይኸው እኔም አልኩት፣ ስፕራይብ የተባለ ኩባንያ ነው በፈረንጆች 2019 ያወጣት። የመመለሻ መጠኗ 97 በመቶ ነው። ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም፣ ሠሪው ራሱ ይናገረዋል። ከተወራረደው 100 ብር በአማካይ 97ቱ ለተጫዋቾች ይመለሳል፣ 3ቱ ለቤቱ ይቀራል ማለት ነው። አውሮፕላኗ 2.00 የምትደርሰው ከ100 ዙር በ48 ወይም በ49ኙ ገደማ ነው። ትናንት ለጀመረው ልጅም ያው ነው፣ ሁለት ዓመት እንቅልፍ ላጣበትም ያው ነው። ዋሸራ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ከገባበት ቀን ያልተሻለ ተማሪ ታውቃላችሁ?

«እኔ እኮ አልስገበገብም ጋሼ፣ በ1.20 ቶሎ እወጣለሁ» አለኝ ከሰባቱ አንዱ፣ ቀጠን ያለ፣ ዓይነ ፈጣን ልጅ። ብልጥ ነገር ይመስላል። እስኪ እናስላው። 10 ብር አስይዘህ በ1.20 ስትወጣ 2 ብር ታተርፋለህ። ይህ ከ100 ዙር 81 ጊዜ ገደማ ይሳካልሃል። 162 ብር። በቀሪው 19 ዙር አስር አስር ብርህ ትሄዳለች። 190 ብር። ስታሸንፍ ስታሸንፍ ውለህ 28 ብር ጎድሎህ ትገባለህ። ልጁ ስልኩ ላይ ሒሳቡን ደግሞ ሠራው። ዝም አለ።

ፍጥነቱ ደግሞ አለ። በደቂቃ አራት ዙር ብንል፣ በሰዓት 240 ዙር ነው። በየዙሩ 10 ብር ከሆነ በሰዓት 2,400 ብር በእጅህ ያልፋል። ሦስት በመቶው 72 ብር። ይህ እንግዲህ በአማካይ ነው፤ አንዱ ቀን ትስቃለህ፣ አንዱ ቀን የእናትህን ስልክ ታስይዛለህ። በአንድ ዙር ሁለት ውርርድ ማስያዝም ይቻላል። ስለዚህ እጥፍ አድርጉት።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ከላይ ያሉት ቀለሞች ናቸው። ያለፉት ዙሮች ቁጥር በረድፍ ይታያል። ከሁለት በታች ሰማያዊ፣ እስከ አስር ሐምራዊ፣ ከዚያ በላይ ሮዝ። ልጆቹ ይህን ረድፍ እንደ ደመና ያነቡታል። «ሰባት ሰማያዊ ተከታትሏል፣ አሁን ሮዝ ይመጣል፣ ጨምር!» ወንድሞቼ፣ አውሮፕላኗ ያለፈውን አታስታውስም። በፈረንጆች ነሐሴ 1913 ሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ውስጥ የሩሌቱ ኳስ፣ ቀይና ጥቁር ቁጥሮች ባሉት መንኮራኩር ላይ የምትዞረው፣ 26 ጊዜ ተከታትላ ጥቁር ላይ ወደቀች። ባለጸጎቹ «አሁንስ ቀይ ይመጣል» እያሉ፣ እየጨመሩ እየጨመሩ ገንዘባቸውን አራግፈው ወጡ። ኮፍያና ከረባት ያደረጉ ሰዎች ከመቶ ዓመት በፊት የተበሉትን፣ እኛ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን እንደ አዲስ እንበላለን።

ይህን የምታውቁ ደግሞ አላችሁ። ቴሌግራም ላይ «ሲግናል» ትሸጣላችሁ። የሚቀጥለው ዙር የት እንደሚቆም የሚናገር አፕ አለን ትላላችሁ። የምነግራችሁ ለእናንተ ነው፣ አንዳንዶቻችሁን በመልክ አውቃችኋለሁና። የዙሩ ውጤት የሚወጣው ከሰርቨሩ ምስጢራዊ ቁጥርና በዚያው ዙር ቀድመው ካስያዙ ሦስት ተጫዋቾች ስልክ ከሚመጡ ቁጥሮች ተደባልቆ ነው። ሦስቱ ገና ሳይገቡ መልሱን የሚያውቅ ማን ነው? ብታውቁትስ ለምን በጥቂት ብር ትሸጡታላችሁ? ሰፈራችሁ ውስጥ እናቱ ጉሊት የምትሸጥ ልጅ እንደምታታልሉ አጥታችሁት አይደለም።

ስሎቱ፣ ሥዕል ያለባቸው መንኮራኩሮች የሚዞሩበት ቁማር፣ ከዚህ ይብሳል። እኔ በቁማር ሳይሆን በጌም ሥራው ነው የተደነቅሁበት። ሠሪዎቹ የእኛን የጌመሮችን ጭንቅላት በደንብ ያውቁታል። ሁለት ሰባት ይቆማል፣ ሦስተኛው ሰባት በአንድ ጣት ያመልጣል። «ለጥቂት!» ትላለህ። ኳስ ጌም ላይ የጎሉን አግዳሚ ብትመታ ለጥቂት ማለት ትርጉም አለው፣ እግርህ እየቀና ነው። ስሎት ላይ ለጥቂት የሚባል ነገር የለም። ውጤቱ አዝራሩን በነካህ ቅጽበት ተቆርጧል፣ መንኮራኩሩ የሚዞረው ለዓይንህ ብቻ ነው። ሌላም አየሁ። 10 ብር አስይዤ 4 ብር «አሸነፍኩ»። መብራቱ፣ ሙዚቃው፣ የሚረግፈው ወርቅ! 6 ብር ተበልቼ ሠርግ ተደገሰልኝ።

አሁን ያልኳችሁን የራሴን ልናገር። ዳታ ለወራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ሰው ዘመዱን ሲያገኝ፣ ተማሪው ትምህርቱን ሲያወርድ፣ እኔ ምን እንዳወረድኩ ታውቃላችሁ? የካዚኖ አፕ። ስሙን አልጠራም። «ጌመር ነኝ፣ እኔን አይበሉኝም» የሚል ትዕቢት ነበረብኝ። ደግሞ ቦነሱ ማረከኝ። 500 ብር አስገባ፣ 500 ብር እንጨምርልሃለን። ገባሁ። በሁለተኛው ቀን ሒሳቤ ላይ 2,300 ብር አየሁ። ላውጣ ስል አይወጣም። ለካ ቦነሱን የወሰደ ሰው ሠላሳ እጥፉን ሳያስይዝ ብር አያወጣም ኖሯል። 15,000 ብር! ደንቡ በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ጽሑፍ፣ ከታች ተጽፏል። ከአዲስ ጌም ጋር የሚመጣውን ሕግ ፊደል በፊደል የማነብ ሰው ይህን አላነበብኩም። 96 በመቶ በሚመልስ ስሎት 15,000 ብር እያስያዝክ ብታንከባልል በአማካይ 600 ብር ትከስራለህ። የ500 ብር ስጦታ ለመቀበል 600 ብር መክፈል! ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው። ማንከባለሉን ሳልጨርስ ሒሳቡ አለቀ። ለሚስቴ ሦስት ሳምንት አልነገርኳትም።

«ጋሼ፣ ታዲያ ከአዲሶቹ የትኛው ይሻላል?» ትሉኛላችሁ። ከእጅ አይሻል ዶማ። አዲስ የምትሏቸው ብዙዎቹ አዲስ አይደሉም። አንዱ ሶፍትዌር በተለያየ ቀለም ተቀብቶ፣ የተለያየ ስም ወጥቶለት ይከራያል። ውስጡ ያሉት ስሎቶች ያው ናቸው። እኔ ሦስት «አዲስ» ካዚኖ ከፍቼ ሦስቱም ውስጥ ያንኑ ፍራፍሬ አገኘሁ። ይባስ ብሎ፣ አንዳንድ የስሎት ሠሪዎች አንዱኑ ጨዋታ በተለያየ የመመለሻ መጠን ያዘጋጁታል፣ ካዚኖው የፈለገውን ይመርጣል። ጌም ላይ «ቀላል»፣ «መካከለኛ»፣ «ከባድ» የሚለውን የምትመርጠው አንተ ነህ አይደል? እዚህ የሚመርጥልህ ተጋጣሚህ ነው። ፈቃድ አለን የሚሉትም ከገጹ ግርጌ ኩራሳዎ የሚል ማኅተም ያሳዩሃል። ኩራሳዎ ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች ደሴት ናት። የብቸና ልጅ ብሩ ሲታገድበት ለማን አቤት ሊል ነው? ወረዳ ሄዶ ባለ ጉዳይ ማስተናገጃ መስኮት ላይ እንደሚቆም መሰላችሁ?

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ከቴሌግራም በፋይል የሚላክላችሁን የካዚኖ አፕ አትጫኑ። መልእክት እንዲያነብ ፈቃድ ከጠየቃችሁማ ወዲያውኑ አጥፉት። የባንክና የሞባይል ገንዘብ ኮድ የሚገባው እዚያው መልእክት ሳጥን ውስጥ ነው።

እኛ ጌመሮችም ንጹሕ አይደለንም። ልጆቹን ያለማመድናቸው እኛ ነን። ኳስ ጌም ውስጥ በእውነተኛ ብር የታሸገ የተጫዋቾች ካርድ ገዝቶ «ማን ይወጣልኝ ይሆን?» እያሉ መክፈት ምን ነበር? ቤልጅየም በፈረንጆች 2018 ይህ ቁማር ነው አለች፣ በኋላም አስቆመችው። እኛ ያኔ «ጌም ውስጥ ምን ያገባቸዋል» ብለን ሳቅንባቸው። ፕሌይስቴሽን ቤቱም ቢሆን «ተሸናፊ ይከፍላል» እያለ ነው ያሳደገን። እርግጥ ያ ቢበዛ የአንድ ግጥሚያ ሒሳብ ነው፣ የሚበላህም ከጎንህ የተቀመጠው ጓደኛህ እንጂ ደሴት ላይ ያለ ሰርቨር አይደለም።

እናንተ አባቶች ደግሞ፣ አያ እገሌ፣ ልጁ «ብሩን በስልክ ልላክልህ» ሲል ስልኩን አትስጡት። ያ ቀጠን ያለው ልጅ የተጫወተበትን ብር ከየት እንዳመጣ ስጠይቀው ጣራ ጣራ አየ። የማዳበሪያ ነው። አባቱ ለጤፉ ማሳ ያስቀመጡት። ጎጃም ውስጥ የማዳበሪያ ብር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ያ ልጅ መቶ ጊዜ ሰምቷል። ለአባቱ ግን እስካሁን አልነገራቸውም። ንገራቸው አልኩት። ከመከር በኋላ ከሚሰሙት አሁን፣ ዝናቡ ሳይገባ ቢሰሙት ይሻላል። እንዴት እንደሚናገር አብረን ስንመክር ቆየን።

ከዚያ «ና» አልኩት፣ «እውነተኛውን እንጫወት»። ባዶውን ሜዳ ከሚያሳዩት ቴሌቪዥኖች አንዱ ፊት ተቀመጥን። 3 ለ 1 አሸነፈኝ። ሦስቱንም በግራ በኩል ነው ያገባብኝ።

«ጋሼ፣ ተከላካይህን ቶሎ ታወጣዋለህ። ቦታው ክፍት ይሆናል» አለኝ። ልክ ነው፣ ሃያ ዓመት የሠራሁት ስህተት ነው።

ሒሳቡን ከፈልኩ። መልሰን ልንጀምር ስንል ስልኩ አግዳሚው ላይ በራ። ሃያ ነፃ የስሎት ዙር ደርሶሃል ይላል። አየት አደረገው። ከዚያ እኔን አየ።

«ኳሱ ያንተ ነው ጋሼ። ጀምር።»