ስም ላይ የሚያልቅ ክለሳ

የእንግሊዝኛ ሰዋስው ክለሳ አንድ የማይለወጥ ጠባይ አለው፤ ሁልጊዜ ከስም ይጀምራል። ስም የሰው፣ የቦታ ወይም የነገር መጠሪያ መሆኑን ተማሪው ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁት እንኳ ያለ አንዳች ግድፈት ይወጣዋል። ቢወጣው አይገርምም፤ በየክለሳው የከለሰው እሱኑ ነው። ከስም ወደ ተውላጠ ስም፣ ከዚያም ወደ ግስ ሲዘለቅ ቀኑ ይመሻል። ሥርዓተ ነጥብ የመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ ለሚቀጥለው ክለሳ ይተላለፋል፤ የሚቀጥለውም፣ እንደ ደንቡ፣ ከስም ይጀምራል። የሚያውቁትን መከለስ እንዴት ደስ ይላል!

ከስም ቀጥሎ የሚከበሩት ጊዜያት ናቸው። ሦስት ጊዜ በአራት መልክ ተባዝቶ አሥራ ሁለት ሳጥን ያለው ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። "ፊውቸር ፐርፌክት ኮንቲኒዩስ" ስሙ ብቻውን የጄኔራል ማዕረግ ይመስላል፤ ይህን ሳይደናቀፍ የጠራ ተማሪ ከዚህ በላይ ምን ሊጠየቅ ይችላል? እንግሊዝኛን ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡት ሰዎች በጨዋታቸው መሐል ይህን ጊዜ የሚያነሱት ከስንት አንዴ ነው። ያው ተማሪ ግን "ትሄዳለች" ለማለት ሲፈልግ "ሺ ጎ" ብሎ ያልፋል።

የእንግሊዝኛ ግስ የመደብ ቅጥያዎቹን በዘመናት ውስጥ አራግፎ ሲያበቃ፣ በአሁን ጊዜ ለሦስተኛ መደብ ነጠላ የምታገለግል አንዲት ኤስ ብቻ አስቀረ። እኛ በአንድ ግስ ላይ መደቡን፣ ጾታውንና ቁጥሩን ጭነን "ሄደች፣ ሄዳችሁ፣ ሄዱ" እያልን የኖርን ሰዎች በአንዲት ፊደል መሰናከላችን ሊያሳፍረን ይገባ ነበር። በእርግጥ ጥፋቱ ሁሉ የእኛ አይደለም። ኤስ ስም ላይ ስትለጠፍ ታበዛለች፤ ግስ ላይ ስትለጠፍ ነጠላነትን ትመሰክራለች። ውሻው አንድ ሲሆን ኤሷ ጩኸቱ ላይ ናት፤ ውሾቹ ሲበዙ ጩኸቱን ትታ ውሾቹ ላይ ትወጣለች። ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ "ዳዝ" ቀድሞ ይወስዳታል። ለጋሱ ተማሪ ለሁለቱም እንድትደርስ ብሎ "ዳዝ ሺ ጎዝ?" ይላል።

ከስም ፊት የሚቆመው አርቲክል፣ ማለትም "ኤ"፣ "አን" እና "ዘ"፣ የባሰ ነው። "አን" የሚገባው በአናባቢ ፊደል ሳይሆን በአናባቢ ድምፅ ለሚጀምር ቃል ስለሆነ፣ በኤች የሚጻፈው "አወር" ያገኘዋል፤ በዩ የሚጻፈው "ዩኒቨርሲቲ" ይከለከላል። እስከዚህ ድረስ ጆሮ ያለው ይሰማል። "ዘ" ላይ ግን ጆሮም አያድን። ወንዝ ዘ ይሰጠዋል፤ ሐይቅ አይሰጠውም። ታዲያ የሚሄድ ውኃ ይከበራል፣ የቆመ ይናቃል ብለን ደንቡን ልንጽፍ ስንል ውቅያኖስ ከተፍ ይላል፤ እሱ ባለበት ተኝቶ ዘ ይሰጠዋል። ብቻውን የቆመ ተራራ፣ ኤቨረስትን እንኳ ቢያህል፣ አያገኝም፤ እንደ አልፕስ ተሰልፈው ሲመጡ ግን ይፈቀድላቸዋል። በዚህ ጊዜ መምህሩ ጠመኔውን እያራገፈ "ይህ ልዩ ሁኔታ ነው" ይላል። ልዩ ያልሆነው የትኛው እንደሆነ የጠየቀ ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ቢኖርም በጊዜ ተቀምጧል።

ደንብ አውጪዎቹስ? ኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ሎውዝ እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ፣ መስተዋድድን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ መጣል ከፍ ላለ ጽሑፍ እንደማይስማማ ጻፈ። ቋንቋው ወደዚህ ልማድ እንደሚያዘነብል የገለጸበት የራሱ ሐረግ ግን "ቱ" በሚለው መስተዋድድ ያልቃል። ቀልዶ ይሆናል። ከእሱ በኋላ የመጡት መምህራን ግን ቀልድ የሚባል ነገር አልጠረጠሩም፤ ቀይ እስክሪብቷቸውን አነሡ።

ወደ ኮማ እንለፍ፤ ክለሳው ስለማይደርስበት እኛ እንድረስበት። ተማሪው ስለ ኮማ የሚያስታውሰው አንድ ምክር ነው፤ ትንፋሽ ሲያጥርህ አስቀምጥ። ጥንት ምልክቶቹ የወጡት ጮክ ብሎ ለሚያነብ ሰው ስለነበር ምክሩ መሠረት የለውም አይባልም። ችግሩ የሳንባ ልዩነት ነው። ሯጩ ተማሪ ገጹን ሙሉ ያለ አንድ ኮማ ይወጣዋል፤ ጉንፋን የያዘው በየቃሉ ይነጥባል።

ነገሩ የሳንባ አለመሆኑን የአሜሪካዋ ሜይን ግዛት የወተት አከፋፋይ ሾፌሮች በደንብ ያውቁታል። የግዛቲቱ ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማይመለከታቸውን የምግብ ሥራዎች ሲዘረዝር፣ መጨረሻ ላይ "ለመላክ ወይም ለማከፋፈል ማሸግ" ተብሎም "ለመላክ ማሸግ፣ ወይም ማከፋፈል" ተብሎም ሊነበብ በሚችል ሐረግ ይዘጋ ነበር፤ ከ"ወይም" በፊት ኮማ አልነበረም። ኩባንያው ማከፋፈል ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ አይከፈልበትም ብሎ ተከራከረ። ሾፌሮቹ በበኩላቸው የተጠቀሰው ማሸግ ብቻ ነው፣ እኛ ደግሞ እናከፋፍላለን እንጂ አናሽግም አሉ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2017 ሐረጉ አሻሚ መሆኑን ተቀብሎ ለሾፌሮቹ ወሰነ፤ በ2018 ኩባንያው 5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ፊውቸር ፐርፌክት ኮንቲኒዩስ እስከ ዛሬ ለማን ምን ከፈለ?

ከፊደል ጎን ከፍ ብላ የምትቀመጠው ጭረት፣ አፖስትሮፊ፣ ደግሞ ጠበቃ ነበረው። ጆን ሪቻርድስ የተባሉ እንግሊዛዊ ጡረተኛ ጋዜጠኛ በ2001 የአፖስትሮፊ ጥበቃ ማኅበር አቋቁመው፣ ያለ ቦታዋ የገባችውንና ከቦታዋ የጠፋችውን ምልክት ሲከላከሉ ኖሩ። በ2019፣ በ96 ዓመታቸው፣ ድንቁርናና ስንፍና አሸንፈዋል ብለው ማኅበሩን ዘጉ። ድርብ ሰረዝ እንዲህ ያለ ጠበቃ አላስፈለገውም፤ እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ይፈሩታል፣ እኛ ግን እጃችን አይሰስትም፤ አንባቢም ከላይ ጀምሮ ታዝቧል።

የቀሩት አራሚዎቹ ናቸው። ሰው ታሞ ቢጽፍላቸው ሕመሙን ትተው በአንድ ድምፅ ሁለት አጻጻፍ ያለውን "ዩር" የሚያርሙ፣ ሙግት ሲጠፋባቸው ኮማ የሚቆጥሩ። ለእነዚህ አውስትራሊያዊው አርታዒ ጆን ባንግሰንድ በ1992 አንድ ሕግ አወጣላቸው፤ የሌላውን አጻጻፍ የሚነቅፍ ጽሑፍ ሁሉ የራሱ ግድፈት አያጣውም የሚል ነው። ሊበላሽ የሚችል ነገር ይበላሻል የሚለውን የታወቀውን የመርፊ ሕግ ስም ሆን ብሎ አጣሞ "የመፍሪ ሕግ" ብሎ ሰየመው። ስሙን ባዩ ቁጥር ፊደሉ ተዛውሯል ብለው በትሕትና የሚያስተካክሉለት አይጠፉም።