የተሸጠ ወረፋ

የስምንት ዓመት ልጄ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ውስጥ ከሚገኙት ትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች በአንዱ፣ ሰልፍ ላይ እንደቆመች የጠየቀችኝን ጥያቄ እስካሁን በቅጡ አልመለስኩላትም። በመግቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ የሚጠበቀው ጊዜ 95 ደቂቃ መሆኑን ያሳያል፤ እኛም ግማሹን ያህል ቆመናል። ከሰልፋችን አጠገብ በገመድ የተለየ ሌላ መተላለፊያ አለ። በዚያ በኩል የሚመጡት ሰዎች ስልካቸውን ወይም በእጃቸው ያሰሩትን አምባር ማሽኑ ላይ ነካ እያደረጉ፣ አንድም ጊዜ ሳይቆሙ እየሳቁ ያልፉናል። ልጄ እነሱን ስትከታተል ቆየችና «አባዬ፣ እነዚህ ከእኛ በኋላ አይደል እንዴ የመጡት?» አለችኝ። ከእኛ በኋላ ነበር የመጡት። እንዲያውም ጠዋት የመኪና ማቆሚያው ላይ ገና ዕቃቸውን ሲያወርዱ አይተናቸው ነበር።

ነገሩን ከመነሻው ላውጋችሁ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ባለቤቴ ደግሞ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት እንሠራለን። ልጆቻችን በጉዞው ጊዜ 11፣ 8 እና 2 ዓመታቸው ነበር። ትምህርት በተከፈተ ቁጥር ትልልቆቹ ሁለቱ ጓደኞቻቸው በሰመር የት የት እንደሄዱ ሰምተው ይመጣሉ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠይቁን ቆዩ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2024 እንደምንም እናድርግላቸው ተባባልን። ገንዘቡን ያገኘነው አሥር ሆነን በወር 300 ዶላር ከምንጥልበት ዕቁብ ነው። ዕጣው መጀመሪያ የወጣልኝ በጃንዋሪ ነበር። በዚያው ሳምንት ከዕቁብተኞቹ አንዷ አባቷ አገር ቤት አርፈው ለመሄጃ ትኬት እንደቸገራት ለዳኛው ነገረች፤ ዳኛውም እኔን ጠየቀኝ፤ ተራዬን ለቀቅኩላትና የእኔ ወደ ሜይ ተሻገረ። ዕቁብ የጣለ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ስለሆነ ምስጋና የሚያሰጥ ነገር የለውም፤ ነገር ግን ያ 3,000 ዶላር በምን ዓይነት የተራ ሥርዓት አልፎ እጄ እንደገባ ልጄ ስትጠይቀኝ ትዝ ስላለኝ አነሳሁት።

በ3,000 ዶላር አምስት ሰው ማዝናናት በቂ ይመስላል። አይደለም። የፓርኮቹን ዋጋ ማጥናት ስንጀምር በመጀመሪያ የተማርነው የዕድሜውን ነገር ነው፦ ዋልት ዲዝኒ ወርልድም ሆነ ዩኒቨርሳል ሦስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ በነጻ ያስገባሉ፤ አሥር ዓመት የሞላውን ግን እንደ አዋቂ ይቆጥሩታል። በመካከል ያለው «የሕፃን ዋጋ» ከአዋቂው የሚያንሰው በጥቂት ዶላር ብቻ ነው። ስለዚህ ታናሿ ሦስተኛ ልደቷን ከማክበሯ በፊት መሄዳችን ቀላል የማይባል ገንዘብ አድኖልናል፤ ለማቀድ የተነሳችሁ ሁሉ ከሁሉ አስቀድማችሁ የልጆቻችሁን የልደት ቀን ተመልከቱ። ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በኦክቶበር 1971 ሲከፈት የአዋቂ መግቢያ 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ዛሬ የአንድ ቀን መግቢያ እንደ ፓርኩና እንደ ቀኑ ይለያያል፤ በርካሹ ቀን እንኳ ከ100 ዶላር ይበልጣል፤ ገና አካባቢ ደግሞ 200 አካባቢ ይደርሳል። እኛ ለአንዱ ቀን፣ ለአራት ሰው፣ ከነታክሱ ከ600 ዶላር በላይ ከፍለናል። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ መግቢያው ስንት እንደሆነ ስትጠይቀኝ በብር መንዝሬ ልነግራት አልደፈርኩም።

ቀኑን መምረጥ ትልቁ ብልሃት ነው። የፍሎሪዳ ትምህርት ቤቶች ኦገስት 10 አካባቢ ይከፈታሉ፤ የእኛዎቹ ግን የሚከፈቱት በወሩ መጨረሻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው ጠባብ ጊዜ የመግቢያውም የሆቴሉም ዋጋ ዝቅ የሚልባት ናት። በአንጻሩ ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናቡ ከነመብረቁ ስለሚመጣ ደጅ ያሉት መጫወቻዎች ይዘጋሉ። ይህንን አውቀን ጠዋት በር ሳይከፈት እየደረስን፣ ዝናቡ ሲመጣ ጣሪያ ያላቸውን ትርኢቶች እያየን አሳልፈናል። አውሮፕላኑን ትተን በመኪና ከ850 ማይል በላይ በ95 አውራ ጎዳና ተጓዝን፤ ሌሊቱን እየተፈራረቅን ነዳን። በሆቴሉ በኩል ግን ተጎድተናል። ኢንተርኔት ላይ ባየነው ዋጋ ያዝነው፤ ስንደርስ በየሌሊቱ የሚከፈል፣ «የመዝናኛ አገልግሎት» የሚሉት ተጨማሪ ክፍያ አለ ተባልን። ከሜይ 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የፌዴራል ደንብ መሠረት ሆቴሎች እንዲህ ያለውን ግዴታ ክፍያ ከመጀመሪያው ከዋጋው ጋር ደምረው ማሳየት አለባቸው፤ ለእኛ ግን አልደረሰልንም።

ስንቁን በተመለከተ የአገራችን ልማድ ጠቅሞናል። ሁላችንም ልጆች ሆነን ወደ ሶደሬ ወይም ወደ ላንጋኖ ስንሄድ እናቶቻችን ከዋዜማው ጀምረው ሲያዘጋጁ እናውቃለን፤ መንገድ ላይ ምግብ ገዝቶ መብላት የሚታሰበው ስንቁ ካለቀ ብቻ ነበር። ባለቤቴም ዳቦ ጋገረች፣ ዳቦ ቆሎ አዘጋጀች፣ ለመጀመሪያው ቀን በአልጫ የተጠቀለለ እንጀራ በምሳ ዕቃ ቋጠረች። ብዙ ሰው ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ይመስለዋል። ይህ እንደየፓርኩ ስለሚለያይ አስቀድሞ ደንባቸውን ማንበብ ነው፤ ለምሳሌ በዋልት ዲዝኒ ወርልድ የመስታወት ዕቃና አልኮል እስካልሆነ ድረስ የራስን ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ ፈጣን ምግብ በሚሸጡት ቤቶችም በረዶ ያለው ውሃ በብርጭቆ በነጻ ይሰጣሉ። አምስት ሰው በዚያ ሙቀት በቀን የሚጠጣውን ውሃ ለሚያሰላ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሚመሰገነውንም ልናገር፤ ካልተናገርኩ ሐቁን እሸሽጋለሁ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የሚጋፋ የለም። የሚጠበቀው ደቂቃ በየመግቢያው ስለሚጻፍ ሰው ቆጥሮና አውቆ ይቆማል። ሠራተኞቹ ልጆችን ለማነጋገር ተንበርክከው ከቁመታቸው ጋር ይስተካከላሉ፤ ይህን ሳይ እኛ ልጅን ከላይ ወደ ታች የምናዝዝበት ድምፅ ትዝ ብሎኛል። ቁመቱ ለመጫወቻው ያልደረሰ ሕፃን የያዙ ወላጆች ደግሞ አንዱ ሲጫወት ሌላው ሕፃኑን ይዞ ይቆያል፤ ከዚያም እንደገና ወረፋ ሳይይዝ ይገባል፤ ለዚህ የሚከፈል ነገር የለም። ሁለት ዓመት ልጅ ይዘን ስለነበር እኛም ተጠቅመንበታል። እንግዲህ በገንዘብ የማይገኝ ቅድሚያ መስጠትን እንደሚያውቁበት ያየሁት በዚህ ነው፤ ስለዚህም በገንዘብ የሚሸጠው ቅድሚያ ይበልጥ አስቆጨኝ።

ነገሩ ድሮም እንዲህ አልነበረም። መጀመሪያ ዘመን ላይ በዋልት ዲዝኒ ወርልድ ለእያንዳንዱ መጫወቻ ከኤ እስከ ኢ በፊደል የተለየ ትኬት ይገዛ ነበር፤ ያ አሠራር እስከ 1982 ቆይቷል፤ ሰልፉ ግን ለሁሉም አንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፋስትፓስ የሚባል መጣ፦ ትኬትህን ማሽኑ ውስጥ ታስገባለህ፣ በዚህ ሰዓት ተመለስ የሚል ወረቀት ይሰጥሃል፣ በሰዓቱ ስትመለስ በአጭሩ መስመር ትገባለህ። ያ በመግቢያው ዋጋ ውስጥ ስለነበር ማለዳ የነቃ ድኻም ያገኘው ነበር። ከወረርሽኙ በኋላ ግን፣ በ2021፣ ነጻው ቀርቶ በምትኩ በአንድ ሰው በቀን 15 ዶላር የሚጀምር ክፍያ መጣ፤ ከዚያም ዋጋው እንደ ቀኑ ከፍ እያለ ሄደ። እኛ ከተመለስን ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ፣ በ2024 መጨረሻ፣ በአንድ ሰው በቀን ከ129 እስከ 449 ዶላር የሚደርስ፣ ሰዓት መምረጥ እንኳ የማያስፈልገው ሌላ ማለፊያ ተጨመረ። ዩኒቨርሳልም የራሱን ማለፊያ ይሸጣል፤ በጥቂት ውድ ሆቴሎቹ ላደሩት ደግሞ ከክፍሉ ጋር ይጨመርላቸዋል። አንድ ድርጅት ብቻ አይደለም እንግዲህ፤ ዘርፉ በሙሉ የሄደበት መንገድ ነው።

ገንዘብ ያለው የተሻለ ሆቴል ቢያድር፣ የተሻለ ቢበላ አልቀናም፤ የእሱ ጥሩ አልጋ የእኔን አልጋ አያጠብብም። ወረፋ ግን እንደዚያ አይደለም። የመጫወቻው ባቡር ያለው ወንበር የተወሰነ ነው። ሁለቱ መስመሮች በሚገናኙበት ቦታ ላይ የቆመው ሠራተኛ ከከፈሉት በርከት አድርጎ፣ ካልከፈልነው ጥቂት ያሳልፋል፤ የእነሱ ያለመቆም በእኛ መቆም የተገዛ ነው። ከዚህም የከፋው፣ ሻጩ የሚሸጠው የእኛ ሰልፍ ረጅም እስከሆነ ድረስ ብቻ መሆኑ ነው። አሥር ደቂቃ የሚያስቆም ሰልፍን ለመሸሽ ማን ገንዘብ ያወጣል? ለአራታችን ልግዛ ብል ደግሞ የሁለት ሌሊት የሆቴል ዋጋ ያስወጣኝ ነበር፤ ስልኬን አውጥቼ አስልቼ መልሼ ኪሴ ከትቼዋለሁ።

በአገራችን ወረፋ አይዘለልም ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። ዘመድ ያለው በጓሮ ይገባል፣ እጅ የሚያርስም አለ፤ በየመሥሪያ ቤቱ በዚህ የተቃጠልን ብዙ ነን። ነገር ግን የሚዘልለው ሰው ይደበቃል። ታክሲ ሰልፍ ላይ አንዱ ከፊት ሊገባ ሲሞክር የሚነሳውን ጩኸት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ «ተራ ጠብቅ!» የሚለው ድምፅ ከአሥር ቦታ ነው የሚመጣው። ያው የጮኸው ሕዝብ ግን ሕፃን ያዘለች እናት ወይም ምርኩዝ የያዙ አዛውንት ሲመጡ «ይለፉ እናቴ፣ ይለፉ አባቴ» ብሎ መንገድ ይከፍታል። ሰፈራችን ቦኖ ውሃ ላይ ጄሪካን ተሰልፎ ሲያድር ባለቤቱ ቤቱ ተኝቶ ነው፤ የሰውን ጄሪካን ከተራው አንስቶ የራሱን የሚያስቀምጥ ሰው ከነስሙ ዕድሜ ልኩን ይወሳል። እዚህ የዘለለውም አያፍር፣ የተዘለለውም አይጮኽ። በዚያ ሰልፍ ከእኛ ጋር የቆሙት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች አንገታቸውን ስልካቸው ላይ ደፍተው ነበር፤ እኔም ከእነሱ አልተለየሁም።

ለልጄ «እነሱ ሌላ ትኬት አላቸው» አልኳት። «እኛስ ለምን የለንም?» አለች። «ውድ ነው» አልኳት። ከዚያ በኋላ ስትቆጥር ነበር፤ እየጠራች ሳይሆን በጣቷ ገመዱን እየነካች። ተራችን ደርሶ ወንበሩ ላይ ስንቀመጥ 143 ሰው እንዳለፈን ነገረችኝ። ጨዋታው ሦስት ደቂቃ አልሞላም።

ለመሄድ ለምታስቡ የምለው አንድ ነገር አለ፦ ይህንን ከልጆቻችሁ ጋር ሰልፍ ላይ ሆናችሁ አትስሙት። ቤት ሳላችሁ፣ በጀቱን ስታወጡ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለና እናንተ እንደማትገዙት ቁጭ አድርጋችሁ ንገሯቸው። በር ሲከፈት ገብታችሁ ሕዝብ የሚጎርፍባቸውን ሁለት ሦስት መጫወቻዎች በመጀመሪያው ሰዓት ጨርሱ፤ ያን ጊዜ ሁለቱም መስመር ባዶ ነው። እኛ በሁለተኛው ቀን እንዲህ አድርገን ከምሳ በፊት አምስት መጫወቻ አዳርሰናል። በመጀመሪያው ቀን ግን ማንም አልነገረንም።

እንደተመለስን እናቴ ደወለች። ልጄ ስልኩን ቀድማኝ አንስታ ስለ ቤተ መንግሥቱም፣ ስለ ርችቱም ሳትናገር በቀጥታ ስለ 143ቱ ሰዎች ነገረቻት። እናቴ ለአፍታ ዝም አለችና «የታመሙ ናቸው እንዴ የኔ እናት?» ብላ ጠየቀቻት።

«አይደሉም አያቴ፤ እየሮጡ ነው የገቡት።»

ስልኩን ለእኔ እንድታቀብለኝ ነገረቻት። «ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየ ዝም አለ?» አለችኝ።

«ዝም አለ እማዬ» አልኳት። «እኔም ዝም አልኩ።»