ማስተካከያ፦ የእንዶሮይስን ጉዳይ የወሰነው የአፍሪካ ፍርድ ቤት አይደለም

«የአፍሪካ ፍርድ ቤት አዲስ አበባ ላይ ተሰይሞ የኬንያ እንዶሮይስ አርብቶ አደሮችን ወደ መሬታቸው መለሰ» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። ስድስት ኪሎ አካባቢ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ሊጠቅሱት ያሰቡም አሉ።

ሁለት ጉዳዮች ተደባልቀዋል። የእንዶሮይስን አቤቱታ አይቶ በፈረንጆቹ 2009 የወሰነው ጋምቢያ፣ ባንጁል ያለው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ነው። አዲስ አበባ የምትነሳው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ በ2010 መጀመሪያ እዚሁ ተሰብስቦ ውሳኔውን ስለተቀበለ ነው። ታንዛኒያ፣ አሩሻ ያለው የአፍሪካ ፍርድ ቤት በ2017 የፈረደው ለሌሎች፣ በኬንያ ማው ጫካ ለሚኖሩት ኦጊየኮች ነው። ይህ በኮሚሽኑ ውሳኔና በፍርድ ቤቱ ፍርድ ላይ በግልጽ ሰፍሯል።

«መለሰ» የሚለውም ልክ አይደለም። እንዶሮይሶች በ1970ዎቹ የተነሱት ቦጎሪያ ሐይቅ የዱር እንስሳት ጥብቅ ክልል ሲደረግ ነው። በዝናብ ወቅት ሐይቁ ዳር ያግጡ ነበር፤ በበጋ ወደ ሞቾንጎይ ጫካ ይወጡ ነበር። ከብቶቻቸው የሚልሱት ጨዋማ አፈር ያለውም እዚያው ሐይቁ ዳር ነው። ኮሚሽኑ ኬንያ ባለቤትነታቸውን እንድታውቅ፣ መሬቱን እንድትመልስ፣ ካሳ እንድትከፍልና ግጦሹን እንድትከፍት ጠየቀ። ኬንያ በ2014 ግብረ ኃይል አቋቋመች፤ መሬቱ ግን አልተመለሰም።

ጉዳዩ አለቀ ብሎ ማውራት በጣም ይጎዳቸዋል፤ ዛሬም እየጠየቁ ነው። ጽሑፉን ያጋራችሁ ይህንንም አያይዙልን። ለጥናት የምትጠቅሱት ደግሞ «የኮሚሽን ውሳኔ» በሉት፤ «ፍርድ» አትበሉት።